ለሴፍቲ ሶፍትዌር ገንዘቡ ከየት፣ ሥራውስ ከየት ይጀመር?

ጥያቄ፦ «በአሜሪካ ምድር ጦር ውስጥ፣ በአንድ ብርጌድ የሴፍቲ ቢሮ በሲቪልነት እሠራለሁ። አደጋ የምንመዘግበው በአንድ ሲስተም ነው። የስጋት ግምገማ የምንሠራው በሌላ ፎርም ነው። የእርምት እርምጃዎችን የምንከታተለው ደግሞ በኤክሴል ነው። አለቆቼ የበጀት ዓመቱ ሲያልቅ የሚተርፍ ገንዘብ ካለ በኤአይ የሚሠራ ዘመናዊ የሪስክ ማኔጅመንት ሶፍትዌር ገዝተን አሮጌውን እንዝጋ ይላሉ። ሐሳቡን በጽሑፍ እንዳቀርብ ታዝዣለሁ። በተረፈ ገንዘብ ይሆናል ወይ? ስንት ጊዜ ይወስዳል? ከየትስ ልጀምር?»

ምላሽ፦ በተረፈ ገንዘብ አይግዙ። አሮጌውንም አይዝጉ። ወረቀቱን የምጽፈው እኔ ብሆን የመጀመሪያው መስመር ይኼ ነበር። ጥያቄዎ ውስጥ አራት አምስት ነገሮች ተደባልቀዋል። ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ ነውና ከቃሉ ልጀምር። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በአማርኛ «ደኅንነት» ስንል ሁለት ነገር ማለታችን ነው። ወታደሩ በመኪና መገልበጥ፣ በሙቀት፣ በተኩስ ልምምድ እንዳይጎዳ መጠበቅ አንዱ ነው። ከጠላትና ከሰርጎ ገብ መጠበቅ ሌላው ነው። የመጀመሪያውን «ሴፍቲ» እያልኩ የምጽፈው ለዚህ ነው። እንግሊዝኛው እነዚህን ሁለቱን ይለያል፤ «ሪስክ ማኔጅመንት» ላይ ሲደርስ ግን እሱም ይደባለቃል። ለፔንታጎን የኮምፒውተር ሰው «ሪስክ ማኔጅመንት» ቢሉት እሱ የሚሰማው የሳይበር ጥበቃውን ነው፤ አንድ ሲስተም ኔትወርክ ላይ እንዲሠራ ፈቃድ የሚያገኝበትን ሂደት። የእርስዎ ሌላ ነው። የምድር ጦሩ መመሪያ አምስት እርከን አስቀምጦለታል፦ የአደጋ ምንጩን መለየት፣ መመዘን፣ መከላከያ ቀይሶ መወሰን፣ መተግበር፣ ከዚያ እየተቆጣጠሩ መገምገም። ይህን ልዩነት በሁለት መስመር ካልጻፉት ወረቀትዎ ወደ ሳይበር ቢሮ ተልኮ እዚያው ሲዞር ይከርማል። ሲሆን አይቻለሁ።

ሁለተኛው ስህተት «አዲስ ሶፍትዌር አደጋ ይቀንሳል» የሚለው ነው። የችግሩ ክብደት የሚያከራክር አይደለም። ኮንግረስ ያቋቋመው የወታደራዊ አቪዬሽን ሴፍቲ ብሔራዊ ኮሚሽን በ2020 መጨረሻ ሪፖርቱን ሲያቀርብ፣ ከ2013 እስከ 2018 ባሉት ዓመታት በስልጠናና በመደበኛ በረራ ብቻ 198 ሰዎች መሞታቸውን፣ 157 አውሮፕላኖችና ሄሊኮፕተሮች መውደማቸውንና 9.41 ቢሊዮን ዶላር መጥፋቱን አስታውቋል። የኮንግረስ የኦዲት መሥሪያ ቤት በ2021 ደግሞ በምድር ጦሩና በማሪን ኮር ታክቲካል ተሽከርካሪዎች ላይ ተመሳሳይ ቆጠራ አደረገ። ከ2010 እስከ 2019 ከውጊያ ውጭ 3,753 አደጋዎች ደርሰዋል። 123 ወታደሮች ሞተዋል። እነዚህ ሰዎች ጠላት የገደላቸው አይደሉም።

የኦዲት መሥሪያ ቤቱ በዋናነት የጠቀሳቸው መንስኤዎች የአሽከርካሪ ትኩረት ማጣት፣ የቁጥጥር መላላትና የስልጠና ማነስ ነበሩ። ከነዚህ ውስጥ ሶፍትዌር በራሱ የሚፈውሰው አንድም የለም። ሶፍትዌር የሚችለው አንድ ነገር ነው። አንድ ሰው ያወቀውን ነገር፣ የሚወስነው ሌላ ሰው ከመወሰኑ በፊት እንዲያውቀው ማድረግ። ይህን ካደረገ ዋጋ አለው። ካላደረገ ግን ያው የመዝገብ መደርደሪያ ነው፤ የሚለየው መወደዱ ብቻ ነው።

ለምን እንዲህ እንደምል አንድ አደጋ ያሳያል። ጁላይ 30 ቀን 2020 በካሊፎርኒያ ጠረፍ፣ ሳን ክሌሜንቴ ደሴት አጠገብ፣ የማሪን ኮር የየብስና የባሕር ተሽከርካሪ ሰዎቹን እንደያዘ ሰጠመ። ስምንት ማሪኖችና አንድ የባሕር ኃይል የሕክምና ባለሙያ ሞቱ። ምርመራው ሲወጣ ተሽከርካሪዎቹ ለክፍሉ የተሰጡት በመጥፎ ይዞታ ላይ እያሉ እንደነበር ታወቀ። ከሰጠመ ተሽከርካሪ የማምለጫ ስልጠናውን ያላሟሉ ሰዎችም ተሳፍረው ነበር። እንዲህ ያለው መረጃ ብዙ ጊዜ የሚገኘው በተለያየ ቦታ ነው። የጥገናው መዝገብ አንድ ቦታ፣ የስልጠናው መዝገብ ሌላ ቦታ፣ «ይሂዱ» ብሎ የሚፈርመው ሰው ሦስተኛ ቦታ። እነዚያን ልጆች ሶፍትዌር ያድናቸው ነበር አልልም። የሚያድናቸው ጥገናና ስልጠና ነበር። ግን ለሴፍቲ ሲስተም ገንዘብ ሲጠይቁ መመለስ ያለብዎት ጥያቄ ይኼ ነው፦ የሚፈርመው አዛዥ በፊርማው ሰዓት የጥገናውንና የስልጠናውን ክፍተት በአንድ ገጽ ላይ ያያል ወይስ አያይም?

አሁን ወደ ታች እንውረድ። የስጋት ግምገማ ፎርሙን የሚሞላው ኮሎኔሉ አይደለም፤ ሃምሳ አለቃው ወይም መቶ አለቃው ነው። አንድ ጊዜ ለፌብሩዋሪ የተኩስ ልምምድ የተዘጋጀ ፎርም እጄ ገባ። ከመከላከያ እርምጃዎቹ አንዱ «ወታደሮች ውሃ በብዛት ይጠጡ፤ ጥላ ውስጥ እረፍት ይደረግ» ይላል። ውጭው በረዶ ነው። መኪኖቹ ስለሚሄዱበት የተንሸራተተ መንገድ ግን አንድ ቃል የለም። ፋይሉ የኦገስቱ ነው፤ የተቀየረው ቀኑ ብቻ ነው። «ቀሪ ስጋት» የሚለው፣ ከመከላከያው በኋላ የሚቀረው ስጋት የሚጻፍበት ሳጥን ደግሞ ሳይታሰብበት «ዝቅተኛ» ተብሎ ተሞልቷል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ስጋቱ ከፍ ባለ ቁጥር የሚፈርመው አዛዥም ከፍ ይላል። «ዝቅተኛ» ካሉ ፊርማው ቅርብ ነው። «ከፍተኛ» ካሉ ወረቀቱ ስንት ቢሮ ይዞራል፣ ልምምዱም ሊሰረዝ ይችላል።

ያንን ፎርም የሞላው ሰው ሰነፍ አልነበረም። ሥራ የበዛበት ሰው ነበር። ፎርሙ ከሱ ብዙ ይወስዳል፤ ለሱ ግን ምንም አይመልስለትም። እኔ እንደሚገባኝ የማዘመን ሥራ የሚለካው እዚህ ጋ ነው። ሰውዬው ቦታውን፣ ቀኑንና የተሽከርካሪውን ዓይነት ሲጽፍ ሲስተሙ በምላሹ አንድ ነገር ሊሰጠው ይገባል፦ በዚያ መንገድ ላይ ከዚህ በፊት የደረሰውን አደጋ፣ የዚያን ቀን የአየር ትንበያ፣ ፈቃዱ ያለፈበትን አሽከርካሪ ስም። ይህን የማይሰጥ ሶፍትዌር የቱንም ያህል ቢያምር ኮፒና ፔስት ይሆናል። የድሮው ወረቀት ኮፒ በዲጂታል ኮፒ ተተካ ማለት ነው።

አሁን ገንዘቡ። የአሜሪካ መንግሥት የበጀት ዓመት ኦክቶበር 1 ይጀምርና ሴፕቴምበር 30 ያልቃል። አለቆችዎ የሚያስቡት ገንዘብ የሥራ ማስኬጃና ጥገና በጀት ነው። ዕድሜው አንድ ዓመት ነው። እስከ ሴፕቴምበር 30 ውል ካልታሰረበት ለአዲስ ሥራ አይውልም። ስለዚህ በኦገስት መጨረሻ ጥድፊያ ይመጣል። በጥድፊያ የሚገዛው የአንድ ዓመት ላይሰንስ፣ ማለትም የመጠቀሚያ ፈቃድ፣ ነው። በመጀመሪያዎቹ ወራት የኔትወርክ ፈቃድ ሲጠበቅ ይከርማል። ከዚያ ስልጠና ይሰጣል። ሰው መልመድ ሲጀምር ላይሰንሱ ያልቃል። በሚቀጥለው ዓመት የሚተርፍ ገንዘብ ላይኖር ይችላል። የገባው ዳታ ደግሞ ሻጩ ጋ ነው። ለአንድ ፕሪንተር እንዲህ መኖር ይቻላል። የአደጋ መዝገብ ግን ከእጅ ወደ አፍ በሆነ ገንዘብ አይያዝም። ዋጋ የሚኖረው አሥርና ሃያ ዓመት ሲጠራቀም ነውና።

ችግሩ የመጠን ብቻ አይደለም። ኮንግረስ ገንዘብ ሲመድብ ዓላማም ዕድሜም ይሰጠዋል። በቢሮ ቋንቋ «የገንዘብ ቀለም» ይሉታል። የሥራ ማስኬጃው አንድ ዓመት ይቆያል። የምርምርና ልማቱ ሁለት ዓመት። የመሣሪያ ግዢው ሦስት ዓመት። ይህ ክፍፍል የተሠራው ለታንክና ለአውሮፕላን ነው፤ መጀመሪያ ይነደፋል፣ ቀጥሎ ይገዛል፣ ከዚያ ይጠገናል። ሶፍትዌር ግን ሦስቱንም በአንድ ሳምንት ውስጥ ያደርጋል። ስህተት ማረም ከማስኬጃ ይከፈላል። አዲስ ችሎታ መጨመር ከልማት ሊሆን ይችላል። ያው ፕሮግራመር ጠዋት አንዱን፣ ከሰዓት ሌላውን ይሠራል። ገንዘብን ከተመደበበት ዓላማ ውጭ ማውጣት ሕግ መጣስ ነው፤ ከተፈቀደው በላይ ወጪ ማድረግ ደግሞ ባለሥልጣኑን በግል ሊያስጠይቅ ይችላል። ለዚህ ነው የበጀት መኮንንዎ «ይኼ ጥገና ነው ወይስ ልማት?» እያለ የሚያስቸግርዎት። አስቸጋሪ ሰው ሆኖ አይደለም። ቀድመው ያማክሩት።

ይህን የተረዱ ሰዎች መፍትሔ ሞክረዋል። የፔንታጎን አማካሪ የሆነው የመከላከያ ኢኖቬሽን ቦርድ በ2019 ባቀረበው ጥናት ሶፍትዌር «አለቀ» የማይባል ሥራ መሆኑን ገልጾ፣ ለሶፍትዌር አንድ ቀለም ያለው ገንዘብ እንዲኖር መከረ። ከ2021 የበጀት ዓመት ጀምሮ ለተመረጡ ፕሮግራሞች የሙከራ የበጀት መስመር ተከፈተ። በዚህ መስመር ልማት፣ ግዢና ጥገና ከአንድ ኪስ ይከፈላል። ልብ ይበሉ፣ ማንም ዘው ብሎ የሚገባበት አይደለም። ኮንግረስ የፈቀደላቸው ፕሮግራሞች ብቻ ናቸው። በኦክቶበር 2020 ደግሞ ለሶፍትዌር ብቻ የሚሆን የግዢ መንገድ በመመሪያ ወጣ። በዚህ መንገድ የሚሄድ ፕሮግራም ገንዘቡ ሥራ ላይ ከዋለ በአንድ ዓመት ውስጥ የሚሠራ ነገር ማሳየት አለበት። በማርች 2025 የመከላከያ ሚኒስትሩ ይህ መንገድ ለሶፍትዌር ተመራጭ እንዲሆን አዘዙ። ስለዚህ «ሕጉ አያስኬድም» የሚል ሰው ካጋጠመዎት የድሮውን እያወራ ነው። መንገዱ አለ። የሚጎድለው ብዙውን ጊዜ በመንገዱ የሚሄድ ባለቤት ነው።

ስለ ጊዜው እውነቱን ልንገርዎ። የፔንታጎን የበጀት ሥርዓት መሠረት የተጣለው በሮበርት ማክናማራ ዘመን፣ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ነው። አሠራሩ ዛሬ ለሚጻፍ አዲስ ፍላጎት ገንዘብ እስኪመጣ በተለምዶ ሁለት ዓመት ገደማ ይወስዳል። ከዚያም በላይ ሊዘገይ ይችላል። ኮንግረስ በጀቱን እስከ ኦክቶበር 1 ካላጸደቀ መንግሥት በጊዜያዊ የበጀት ሕግ ይቀጥላል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ በመርህ ደረጃ አዲስ ፕሮግራም መጀመር አይቻልም። ያለው ይቀጥላል፣ አዲሱ ይጠብቃል። በዕቅድዎ ላይ «ኦክቶበር ላይ እንጀምራለን» ብለው አይጻፉ። የመጀመሪያውን የበጀት ሩብ ዓመት ባዶ አድርገው ያቅዱ።

ዋጋውን በተመለከተ ሻጩ የሚያሳይዎት የላይሰንሱን ነው። በሠራሁባቸው ሥራዎች ላይሰንሱ ከጠቅላላው ወጪ ትንሹ ክፍል ነበር። ትልቁ ወጪ ሌላው ነው፦ የሳይበር ፈቃዱና በየጊዜው የሚደረገው ቁጥጥር፣ የድሮውን ዳታ ማዛወር፣ ከሰው ኃይል፣ ከጥገናና ከስልጠና ሲስተሞች ጋር ማገናኘት፣ ስልጠናው፣ ስልክ አንስቶ የሚረዳው ሰው። ሰዉ የሚረሳው አንድ ነገርም አለ። የልምምድ ሜዳ ላይ ኔትወርክ የለም። መርከብ ላይ ያለው ኔትወርክ ቀጭን ነው። ያለ ኢንተርኔት የማይሞላ ፎርም በወረቀት ይሞላል፤ ቢሮ ሲደረስ የሚገለብጠው ሰው ካለ ይገለበጣል፣ ከሌለ ይቀራል። «ያለ ኔትወርክ ይሠራል ወይ?» የሚለውን ጥያቄ በመጀመሪያው የሻጭ ስብሰባ ላይ ይጠይቁ። «በሚቀጥለው ቨርዥን» ካሉዎት መልሱ አይሠራም ነው።

ዝግጁ ሶፍትዌር መግዛት መጥፎ ነው አላልኩም። ለፋብሪካ ወይም ለአየር መንገድ የተሠሩ ጥሩ ጥሩ ሲስተሞች አሉ። የሚያከስረው ዝግጁውን ገዝቶ የራስን አሮጌ ፎርም እስኪመስል ድረስ መጠምዘዝ ነው። ከዚያ በኋላ ሻጩ አዲስ ቨርዥን ባወጣ ቁጥር የተጠመዘዘው ይሰበራል፤ እሱን ለመጠገን እንደገና ይከፈላል። ወይ ሶፍትዌሩን እንዳለ ተቀብሎ አሠራርን ማስተካከል ነው፣ ወይ የራስን መሥራት። መሐል ላይ መቆም ሁለቱንም ዋጋ ያስከፍላል። ውሉ ላይ ደግሞ ዳታው የመንግሥት መሆኑ፣ በማንኛውም ጊዜ በተለመደ ፎርማት ሙሉ በሙሉ መውጣት የሚችል መሆኑና የእያንዳንዱ ሳጥን ትርጉም ተጽፎ መረከቡ ይግባ። ይህ ሳይጻፍ የታሰረ ውል ኋላ ላይ መፋቻው ከባድ ነው።

አሁን አለቆችዎ የማይወዱት ነገር። አሮጌውን መዝጋት በብርጌዱ ሥልጣን አይደለም። ምድር ጦሩ አደጋ የሚመዘግበው አስሚስ በሚባለው ማዕከላዊ ሲስተም ነው። አየር ኃይሉ አፍሳስ አለው። ባሕር ኃይሉና ማሪን ኮሩ አርኤምአይ አላቸው። አደጋን ወደ ማዕከል ሪፖርት ማድረግ በመመሪያ የተደነገገ ግዴታ ነው። ብርጌዱ የራሱን ቢገዛ ሃምሳ አለቃው አንዱን አደጋ ሁለት ቦታ ይመዘግባል። ከዚያ ሁለቱ መዝገቦች አይገጥሙም። ከዚያ የትኛው ትክክል ነው የሚል ክርክር ይመጣል።

መበታተኑ ራሱ የታወቀ በሽታ ነው። የኦዲት መሥሪያ ቤቱ በ2018 የወታደራዊ አቪዬሽን አደጋ መረጃዎችን ሲመረምር፣ የየኃይሉ የሴፍቲ ማዕከላት የሚሰበስቡት ዳታ ወጥ አለመሆኑን አገኘ። ኮንግረስም ለ2022 የበጀት ዓመት ባወጣው የመከላከያ ሕግ የጋራ ሴፍቲ ምክር ቤት አቋቋመ። ከሥራዎቹ አንዱ የዳታ ደረጃዎችን ማስማማት ነው። ሦስት ሲስተም ባለበት አራተኛ መጨመር ከዚህ ሁሉ ጥረት ጋር መጋጨት ነው።

ዳታ ስለ ማዛወር ከተነሳ አንድ ወጥመድ ላሳይዎ። ወታደራዊ አደጋዎች በጉዳት መጠን በፊደል ይመደባሉ። ከሁሉ የከበደው «ክፍል ኤ» ነው፤ ሰው የሞተበት አደጋ ምንጊዜም እዚያ ይመደባል። በንብረት ጉዳት ሲለካ ግን ድንበሩ ተቀያይሯል። እስከ 2009 የበጀት ዓመት ድረስ 1 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ከ2010 ጀምሮ 2 ሚሊዮን ሆነ። ከ2020 ጀምሮ 2.5 ሚሊዮን ሆነ። እንግዲህ በ2008 «ኤ» የተባለ የ1.5 ሚሊዮን ዶላር አደጋ በ2012 ቢደርስ «ቢ» ነው። ዳታውን የሚያዛውረው ኮንትራክተር ፊደሉን ብቻ ይዞ ዶላሩን ከጣለ፣ አዲሱ ዳሽቦርድ ከባድ አደጋ እንደቀነሰ ያሳያል። ምንም አልቀነሰም፤ የተቀየረው መለኪያው ነው። በዚህ ግራፍ አንድ ጄኔራል ለኮንግረስ ቢናገር ማን ይጠየቃል? ስለዚህ ሦስቱም ይዛወሩ፦ የጉዳቱ ዶላር፣ ቀኑና በወቅቱ የተሰጠው ፊደል።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ምስጢር ነው። ከአደጋ በኋላ ሁለት ዓይነት ምርመራ ይኖራል። አንዱ ጥፋተኛ የሚለይበት ሕጋዊ ምርመራ ነው። ሌላው የሴፍቲ ምርመራ ነው፤ ዓላማው ሁለተኛ እንዳይደርስ ብቻ ነው። በሴፍቲው ምርመራ ምስክሩ ቃሉ ለቅጣት እንደማይውል ቃል ሊገባለት ይችላል። እውነቱን የሚናገረውም ለዚህ ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1984፣ ለአየር ኃይል የሴፍቲ መርማሪዎች በምስጢር የተሰጠ ቃል በመረጃ ነፃነት ሕግ ተጠይቆ እንዳይወጣ ወስኗል። አንድ «ሁሉን ያቀፈ» ሶፍትዌር ሁለቱን ምርመራዎች አንድ ዳታቤዝ ውስጥ ከከተተና የማየት ፈቃዱን ካላላ፣ ያ ቃል በአንድ ቀን ይፈርሳል። ወሬው ሻለቃውን ለማዳረስ ሳምንት አይፈጅበትም። ከዚያ በኋላ «ተኝቼ ነበር» የሚል አሽከርካሪ አያገኙም። ማን ምን ያያል የሚለው ከመጀመሪያው ቀን በዲዛይኑ ይግባ፤ የሕግ ባለሙያም አይቶት ይፈርም።

ኤአይን በተመለከተ፣ አለቆችዎ የሚጠብቁት ትንበያ ከሆነ ይጠንቀቁ። ከባድ አደጋ ብርቅ ነው፤ ችግሩም እሱ ነው። ለምሳሌ ያህል በ100,000 የበረራ ሰዓት ሁለት ከባድ አደጋ ይደርሳል እንበል። ከመቶ ሰላማዊ ሰዓት አንዱን ብቻ በስህተት «አደገኛ» የሚል ማሽን ቢኖርዎት እንኳ ወደ 1,000 የሚጠጋ የሐሰት ማንቂያ ይሰጥዎታል። ሁለቱን እውነተኛ አደጋዎች ለማግኘት ሺህ ጊዜ በረራ ማቆም ነው። ሰው በሦስተኛው ሳምንት ማንቂያውን ማየት ይተዋል። ሌላም አለ፤ ማሽኑ የሚማረው ሪፖርት ከተደረገው ነው። አንድ ክፍል ብዙ ሪፖርት የሚያደርገው ሐቀኛ ስለሆነ ከሆነ፣ ማሽኑ ሐቀኛውን «አደገኛ» ብሎ ይፈርጀዋል።

ይሁንና አንድ ቦታ በጣም ይጠቅማል። በሺዎች የሚቆጠሩ የአደጋ ታሪኮች በነፃ ጽሑፍ ተጽፈው ተቀምጠዋል። አንዱ «ፍሬኑ አልያዘም» ብሎ ጽፏል። ሌላው «መኪናው ቁልቁለት ላይ አልቆም አለ» ብሏል። በቃል ፍለጋ አይገናኙም፤ በትርጉም የሚፈልግ መሣሪያ ግን ያገናኛቸዋል። ሰው አንብቦ ያረጋግጥ እንጂ ለዚህ ሥራ ገንዘብ ቢወጣ አልቃወምም።

የምመክረው እንግዲህ ይኼ ነው። ወረቀትዎን ሁለት ያድርጉት። የመጀመሪያው ለማዕከል የሚላክ የፍላጎት ጥያቄ ነው። የአስሚስን ባለቤት የሆነውን የምድር ጦሩን የሴፍቲ ማዕከል በአድራሻ ይጻፉለት፤ የሚፈልጉትን ሦስት ነገር ብቻ ይጥቀሱ፦ የስጋት ፎርሙ ከአደጋ መዝገቡ ጋር ይገናኝ፣ የእርምት እርምጃ መከታተያው እዚያው ይሁን፣ ያለ ኔትወርክ ይሠራ። ከሌሎች ብርጌዶች የሴፍቲ ቢሮዎች ጋር አብረው ይፈርሙ። አንድ ብርጌድ ሲጠይቅ ቅሬታ ነው፤ ስድስት ብርጌድ ሲጠይቅ ፍላጎት ነው። ገንዘቡም በማዕከሉ የበርካታ ዓመት ዕቅድ ውስጥ የራሱ መስመር ይኑረው። አንድ ጊዜ ትልቅ ከሚሰጥና ከሚቋረጥ፣ በየዓመቱ ትንሽ ሆኖ የማይቋረጥ ይሻላል። በሃያ ሰው ቡድን ጀምሮ በሁለተኛው ዓመት ወደ ዜሮ ከሚወርድ ፕሮግራም ይልቅ አምስት ሰው ኖሮት አሥር ዓመት የሚቆየውን እመርጣለሁ።

ሁለተኛው ወረቀት ዛሬ በእጅዎ ላለው ነው። ያንን ኤክሴል ያጽዱት። እያንዳንዱ እርምት አንድ ስም ያለው ባለቤት፣ ቀነ ገደብና «ተረጋግጧል» የሚል ዓምድ ይኑረው። «ተጠናቀቀ» አይበቃም። «አጥሩ ተጠግኗል» ያለው ሰውና ሄዶ አጥሩን ያየው ሰው የተለያዩ ይሁኑ። የተረፈ ገንዘብ ከመጣ ለአዲስ ላይሰንስ ሳይሆን ለዚህ ዓይነት አንድ ጊዜ ተሠርቶ ለሚያልቅ ሥራ ይዋል፦ የድሮ መዝገቦችን ማስተካከል፣ የሳጥኖቹን ትርጉም መጻፍ። በዚያ ዓመት የሚያስፈልግ ሥራ መሆኑን የበጀት መኮንኑ ያረጋግጥ እንጂ፣ ኦክቶበር ላይ የማይጠፋ ነገር ይቀርዎታል።

አለቆችዎ «ውጤቱን በምን እናያለን?» ብለው ይጠይቁዎታል። «የሞት ቁጥር በዚህ ያህል ይቀንሳል» ብለው ቃል አይግቡ። በአንድ ብርጌድ ደረጃ ቁጥሩ ትንሽ ስለሆነ በአጋጣሚ ብቻ ከፍና ዝቅ ይላል። ይልቅ አደጋ ከደረሰ ስንት ቀን ቆይቶ ሪፖርት እንደሚሆን፣ ከመቶ ስንቱ እርምት በጊዜው እንደተረጋገጠ፣ ስንት ፎርም ካለፈው ቃል በቃል እንደተገለበጠ ይለኩ። ከመጀመርዎ በፊት የዛሬውን ይለኩት፤ ያለዚያ የሚያነጻጽሩበት አይኖርም።

አንድ ነገር ደግሞ አስቀድመው ለብርጌድ አዛዡ ይንገሩ፣ ቢቻል በጽሑፍ። ሪፖርት ማድረግ ሲቀል የሪፖርቱ ቁጥር ይጨምራል። በተለይ ለጥቂት የተረፉ አደጋዎች፣ ማንም ያልተጎዳባቸው፣ ድሮ በዝምታ የሚያልፉት። በመጀመሪያዎቹ ወራት ግራፉ ሽቅብ ሲሄድ ያልተነገረው አዛዥ «ይኼ ነገር አባባሰው» ይላል፤ ከታች ያሉትንም ይቆጣል። አንድ ጊዜ ከተቆጣ ሪፖርቱ ይደርቃል፤ ያን ጊዜ የትኛውም ሶፍትዌር አይመልሰውም። የተነገረው አዛዥ ግን ቁጥሩ ሲጨምር «ሰዎቼ መናገር ጀመሩ» ይላል።

በዚህ ሳምንት ማድረግ የሚችሉት ነገር አለ። ቅዳሜ ለሚወጣ ልምምድ ፎርም የሚሞላ አንድ ሃምሳ አለቃ ይፈልጉና አጠገቡ ይቀመጡ። ሰዓት ይያዙ። ስንት ጊዜ ሌላ ስክሪን እንደሚከፍት፣ የትኛውን ሳጥን ሳያነብ እንደሚያልፍ፣ ማንን ስልክ እንደሚደውል ይጻፉ። ያ ገጽ የፍላጎት ጥያቄዎ አባሪ ቁጥር አንድ ይሁን።